መጠነ እስትንፋስ፦ ለጽኑ ሕሙማን በመሣሪያ ስለሚሰጥ አየር

ሰው በጤናው ዘመን በየደቂቃው ከ12 እስከ 20 ጊዜ ሲተነፍስ፥ እሱ ሳያስበውና ሳይቈጥረው መጠኑን የሚወስንለት በአንጎሉ ሥር ያለው ሥርዐት ነው፤ ያ ሥርዐት ሲታወክ፥ ወይም ሳንባው ሲቈስል፥ ወይም የደረቱ ጡንቻዎች ሲዝሉ ግን ይህን ሥልጣን በአልጋው አጠገብ የቆሙት ሐኪምና ነርስ ከነቬንቲሌተራቸው ይረከቡታል። ስንት አየር፥ በምን ያህል ግፊት፥ በደቂቃ ስንት ጊዜ፥ ከመቶ ስንት እጅ ኦክስጅን ተቀላቅሎበት እንደሚሰጥ የመወሰን ጥበብ ከአንድ ሰው ዕድሜ ብዙ አይበልጥም፤ ታሪኩም ሲመረመር፥ አብዛኛው ክፍል ሐኪሞች ቀስ በቀስ አነስ አድርጎ መስጠትን የተማሩበት ታሪክ ነው።

በ1928 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋለን) ፊሊፕ ድሪንከርና ሉዊ ሾው በቦስተን፥ በልጅነት ልምሻ ትንፋሿ ለታወከ ሕፃን የተጠቀሙበት መሣሪያ ከአንገት በታች ያለውን አካል የሚዘጋ የብረት ሣጥን ሲሆን፥ በውስጡ ያለው አየር ሲመጠጥ ደረቷ እየተነሣ አየር ወደ ሳንባዋ ይገባ ነበር። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ልደት ግን ከዚያ በኋላ በ1952 በኮፐንሃገን ነው። ያው ደዌ ከተማዪቱን በመታበት ወቅት በብሌግዳም ሆስፒታል የነበረው አንድ የብረት ሣጥንና እንደ ጥሩር ደረት ላይ የሚታሰሩ ስድስት መሣሪያዎች ብቻ ነበሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእነዚህ ከታከሙት 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። ዋናው ሐኪም ላሰን ምክር ቢጠይቀው፥ ቢዮርን ኢብሰን የተባለው ሰመመን ሰጪ ሐኪም፥ በሕሙማኑ ደም ውስጥ በዝቶ የተገኘው ነገር ሌሎቹ እንደገመቱት የአልካሊ መብዛት ሳይሆን፥ ወደ ውጭ ሳይተነፈስ የቀረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን አስረዳ፤ በኦገስት 27 ቀንም የአንዲት የ12 ዓመት ልጃገረድ ጉሮሮ ከፊት ተበስቶ ቱቦ ከገባ በኋላ፥ ከጎማ ከረጢት አየር በእጅ እየጨመቀ ሰጣትና ከሞት አፋፍ መለሳት። ከዚያ ወዲህ 1500 የሚያህሉ ተማሪዎች መዓልትና ሌሊት እየተፈራረቁ ከረጢቱን ጨመቁ፤ ሞቱም ከግማሽ በታች ወረደ።

እነዚያ ተማሪዎች መጠኑን የሚያውቁት የደረቱን መነሣትና የፊቱን ወዝ እያዩ ነበር፤ ከረጢቱን የሚጨምቅ እጅም ሳንባው ሲደርቅና እንቢ ሲል ወዲያው ይሰማዋል። መሣሪያው እጁን ሲተካ ይህ ስሜት ጠፋ፤ ለዘመናትም ሐኪሞች ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር አየር በአንድ ትንፋሽ ሲሰጡ፥ በጤነኛ ሰው ከሚለካው እጥፍ ያህል እየሰጡ መሆናቸው አላሳሰባቸውም፤ የደሙ ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያማረ ቊጥር ያሳይ ነበርና።

የማስጠንቀቂያው ድምፅ በ1974 ከአይጥ ቤት ተሰማ፤ ዌብና ቲየርኒ ጤነኛ አይጦችን በ45 ሳንቲ ሜትር ውሃ ግፊት ሲያስተነፍሱ፥ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሳንባቸው ውሃ ቋጠረ። በኋላም ጣሊያናዊው ጋቲኖኒ የጽኑ ሕሙማንን ደረት በሲቲ ስካን ሲመረምር፥ የቈሰለ ሳንባ እኩል የደረቀ አካል እንዳልሆነ፥ ከፊሉ በፈሳሽ ተሞልቶ ተዘግቶ ለአየር ክፍት ሆኖ የቀረው የአንድ ትንሽ ልጅ ሳንባ የሚያህል ብቻ እንደሆነ ታየው። እንግዲህ ለአዋቂ የተመጠነው አየር ሁሉ የሚጫነው በዚያ በተረፈው ጥቂት ክፍል ላይ ነበር።

ነገሩን የቈረጠው በ2000 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ነው። 861 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በኪሎ 12፥ ግማሾቹ 6 ሚሊ ሊትር ተሰጣቸው፤ በመጀመሪያው ወገን ከመቶ 39.8፥ በሁለተኛው 31.0 ሞቱ። በእኔ አስተያየት ግን ከሞቱ ቊጥር ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ሌላ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተሻለ ኦክስጅን በደማቸው የታየው ብዙ አየር የተሰጣቸው፥ ማለትም በብዛት የሞቱት ነበሩ። በየማለዳው የደም ውጤት እያየ የሚደሰት ሐኪም ሁሉ ይህን ሊዘነጋ አይገባውም።

ኪሎው ራሱ የሚዛን ኪሎ አይደለም፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አያድግምና ስሌቱ የሚነሣው ከቁመት ነው። ነርሷ በጀርባው የተኛውን ሕሙም ከራሱ እስከ ተረከዙ በሜትር ትለካዋለች፤ ከቁመቱ 152.4 ሳንቲ ሜትር ተቀንሶ፥ ቀሪው በ0.91 ተባዝቶ፥ ለወንድ 50፥ ለሴት 45.5 ይደመርበታል። ቁመቱ 170 የሆነ ወንድ፥ ሚዛን ላይ 100 ኪሎ ቢመዝንም፥ ለቬንቲሌተሩ 66 ኪሎ ነው፤ የአንድ ትንፋሹም 396 ሚሊ ሊትር። 155 ሳንቲ ሜትር ለሆነች ሴት ግን 287 ብቻ ይደርሳታል፤ ለሁሉም በልማድ 500 በሚሞላበት ክፍል ይህች ሴት በኪሎ ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ እየተጫነባት ነው፥ ማንም ክፉ ሳያስብባት። አጫጭር ሴቶች ከሚገባቸው በላይ አየር እንደሚሰጣቸው በተደጋጋሚ ተጽፏል፤ መድኀኒቱም አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው።

ከመጠኑ በኋላ ግፊቱ ይመረመራል። በትንፋሹ ጫፍ ላይ የማቆያው ቊልፍ ለግማሽ ሴኮንድ ያህል ሲጫኑት አየሩ ጸጥ ይልና የሳንባው እውነተኛ ግፊት ይነበባል፤ ከ30 ሳንቲ ሜትር ውሃ እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ከዚህ ቊጥር ላይ በትንፋሹ መጨረሻ የሚቀረው ግፊት፥ ሐኪሞች ፒፕ የሚሉት፥ ሲቀነስ የሚገኘውን ልዩነት ብራዚላዊው አማቶና ባልደረቦቹ በ2015 ከሁሉ ይልቅ ከሞት ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝተውታል፤ ብዙዎችም ከ15 እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ። መጠኑ ሲያንስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ ይላል፤ ሂክሊንግ በ1990 ከኒው ዚላንድ እንዳሳየው ግን፥ አንጎሉ ካልተጐዳ በቀር፥ ሕሙሙ ይህን በመጠኑ ይታገሠዋል።

የፒፕ ነገር ገና አልተቋጨም። የተዘጉት የአየር ከረጢቶች ክፍት ሆነው እንዲቆዩ ስለሚረዳ ዝም ብሎ ከፍ ማድረግ ይጠቅማል ተብሎ ነበር፤ በ2004ና በ2008 የወጡት ጥናቶች ግን በሞት ላይ ልዩነት አላሳዩም፤ በ2017 የታተመው ሳንባን በኀይለኛ ግፊት የመክፈት ሙከራ ደግሞ ሞትን ጨመረ። ይልቁንም ያለ ምንም ውድ መሣሪያ ሕሙሙን በሆዱ በቀን 16 ሰዓት ያህል ማስተኛት፥ በ2013 በወጣው የፈረንሳይ ሊቃውንት ጥናት፥ የ28 ቀኑን ሞት ከመቶ 32.8 ወደ 16.0 አወረደው።

ኦክስጅንን በተመለከተ የአዲስ አበባ ሐኪም ከለንደን መጽሐፍ ቃል በቃል ሊቀዳ የማይችልበት ምክንያት አለ። በባሕር ጠረፍ የሚተነፈሰው አየር እርጥበቱ ተቀንሶ 150 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል የኦክስጅን ግፊት ሲኖረው፥ ከ2300 ሜትር በላይ በሆነችው ከተማችን ወደ 112 ይወርዳል፤ ስለዚህ ጤነኛው ነዋሪ ራሱ በባሕር ጠረፍ ሚዛን ሲመዘን የጐደለው ይመስላል። በ2012 የእንዲህ ያለውን የሳንባ ጉዳት መለያ፥ የበርሊን ድንጋጌ የሚባለውን፥ የደነገጉት ሊቃውንት ከ1000 ሜትር በላይ ለሚገኝ ስፍራ የማረሚያ ስሌት የጨመሩት ለዚህ ነው። የትንፋሹ መጠን በሚሊ ሊትር ግን በደጋም በቈላም ያው ነው።

በአስም የተያዘ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ የእርሱ ጭንቅ አየር ማስገባት ሳይሆን ማስወጣት ነውና፥ በደቂቃ ብዙ ጊዜ ማስተንፈስ ሞልቶ ባልተራገፈ ማድጋ ላይ ውሃ እንደ መጨመር ይሆናል። የደም ግፊቱ በድንገት ቢወድቅ አስተዋይ ሐኪም አስቀድሞ ቱቦውን ከቬንቲሌተሩ ለጥቂት ጊዜ ነቅሎ የታመቀውን አየር ያስወጣል።

መጠኑን የመወሰን ሥራ ግን ሕሙሙ ሲያገግም ይበልጥ ይከብዳል። በ2008 በታተመ ጥናት፥ መሣሪያው ብቻውን ሲተነፍስላቸው ከ18 እስከ 69 ሰዓት የቆዩ ሰዎች ዋና የመተንፈሻ ጡንቻ፥ ዲያፍራም፥ ቀጥኖ ተገኝቷል፤ እርዳታው ሲበዛ የሕሙሙ የራሱ ጡንቻ ይመነምናል ማለት ነው። ስለዚህ በየዕለቱ ማደንዘዣው ይቋረጥና ሕሙሙ ሲነቃ፥ እርዳታው እስከ ትንሹ ዝቅ ተደርጎ 30 ደቂቃ ያህል በራሱ እንዲተነፍስ ይፈተናል፤ በደቂቃ የተነፈሰበት ጊዜ በአንዱ ትንፋሽ ሊትር ተካፍሎ ከ105 በላይ ከሆነ ገና ነው ይባላል። ፈተናውን አልፈው ቱቦው ከወጣላቸው መካከል ከመቶ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ተመልሰው ይገባባቸዋል፤ አንዳንዱ የክፍል ኀላፊ ይህን እንደ ውርደት ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን ማንም ተመልሶ የማይገባበት ክፍል ካለ፥ በዚያ ክፍል ብዙዎች ቀድመው ሊላቀቁ ሲችሉ ያለ ፍላጎታቸው ከመሣሪያው ጋር ታስረው እየሰነበቱ እንደሆነ መጠርጠር ይገባል።