ዝም ያለ ልጅና ዝም የተባለ ልጅ

ባለፈው የትምህርት ዘመን የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሲያልቅ፣ በአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ የውጤት ካርድ ላይ «ጭምትና ጨዋ ልጅ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ልጁ የሚቀመጠው በመጨረሻው ረድፍ፣ በመስኮቱ አጠገብ ነው። አይረብሽም፤ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር አያወራም፤ ደብተሩም ንጹሕ ነው። ስልሳ ያህል ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ሲገኝ መምህሩ ደስ ይለዋል እንጂ ሌላ ምን ይመረምራል?

ካርድ በሚሰጥበት ቀን እናቱ መጡ። የጻፍሁትን ካነበቡ በኋላ ፈገግ ብለው፣ «መምህር፣ ይህ የእኔ ልጅ ካርድ ነው ወይስ የሌላ?» አሉኝ። «እቤትኮ አፉ አያርፍም። የዋለበትን ሁሉ የሚተርክልን እሱ ነው። እዚህ ምን አግኝቶት ነው ዝም የሚለው?»

የምመልሰው አጣሁ። በማግሥቱ ልጁን ለብቻው ጠርቼ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ቆየና፣ «መስከረም ላይ እጄን አወጣ ነበር። ሦስት ቀን አወጣሁ፤ አላዩኝም። ከዚያ በኋላ ተውሁት» አለኝ።

በድምፁ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ ይበልጥ የቆጠቆጠኝም ይኸው ነው። አለመታየቱን እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ያለ፣ ማንም የማይከሰስበት ነገር አድርጎ ተቀብሎት ኖሯል። እኔም ጭምትነት ብዬ በካርዱ ላይ ያመሰገንሁት፣ ለካ የገዛ ራሴን አለማየት ነበር።

አንድ ቃል፣ ሁለት ነገር

የአማርኛ መምህር ነኝና ነገሩን በቃላችን በኩል መረመርሁት። «ልጁ ዝም አለ» ስንል የአፉ ባለቤት ልጁ ራሱ ነው፤ ሊናገር ይችል ነበር፣ ግን ዝምታን መረጠ። «አባቱ ልጁን ዝም አለው» ስንል ግን ልጁ ተናግሯል፤ መልስ ያጣ እሱ ነው። ከደጅ ቆሞ ለሚመለከት ሰው በሁለቱም ቤት ውስጥ ያለው ጸጥታ አንድ ነው። ወደ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ግን፣ በአንደኛው ቤት አንድ ልጅ ያስባል፤ በሁለተኛው ቤት አንድ ልጅ ይጠብቃል።

ቋንቋችን ይህን ልዩነት አልረሳውም። ለመጀመሪያው ጭምትነት፣ እርጋታ የሚሉ ቃላት አሉን፤ ለሁለተኛው ደግሞ ቸልታ፣ ኩርፊያ፣ ንቀት የሚሉ አሉን። አበውም ቢሆኑ «ዝም አይነቅዝም» ካሉ በኋላ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ማለታቸውን አልተዉም። እኛ ግን ለልጆቻችን የምናስተምራቸው ብዙውን ጊዜ የፊተኛውን ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ ዝም ያለውን ልጅ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» እናሰኘዋለን፤ የጠየቀውን ልጅ «አፈኛ!» እንለዋለን። ልጁም ከዚህ የሚማረው ጨዋነትን ሳይሆን፣ አለመታየት የጨዋ ልጅ ዕጣ መሆኑን ነው።

ሕፃን ልጅ የሚያውቀው

ዝም መባል የሚያሳምም መሆኑን ለማወቅ ልጅ ትልቅ እስኪሆን አይጠብቅም። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ያሳተመው ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። እናት በመጀመሪያ ከሕፃንዋ ጋር እንደ ልማዷ እየሳቀች ትጫወታለች። ቀጥላም ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን እንደ ድንጋይ ታደርግና ሳትስቅና ሳትናገር ትመለከተዋለች። ሕፃኑ ወዲያው ነገሩ እንደ ተለወጠ ያውቃል። እናቱን ለመመለስ ፈገግ ይላል፤ አልሆን ሲለው ፊቱን ከእሷ ያዞራል።

ልብ እንበል፤ እናቱ ከፊቱ አልሄደችም፤ አልተቆጣችውም፤ አልመታችውም። የተወሰደበት ነገር ቢኖር መልሷ ብቻ ነው። ትንሹ ሕፃን «እናቴ እያሰበች ይሆናል» ብሎ ራሱን ሊያጽናና አይችልም፤ የሰው ዝምታ ሁሉ ለእሱ መጣል ነው። ስለዚህ በዝምታና በቸልታ መካከል ያለውን ልዩነት ልጅ ሲያድግ ልንሰጠው የሚገባ ትምህርት እንጂ አብሮት የሚወለድ ዕውቀት አይደለም።

ጆሮ የሚጠብቀው ዝምታ

ደግ ዝምታን ለማየት ወደ ቀድሞው የቅኔ ቤት ሥርዓት መመልከት ይበቃል። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ለመቍጠር ከጓደኞቹ ተለይቶ ጸጥ ካለ ስፍራ ይቀመጣል። ማንም አይጠራውም፤ ማንም አያናግረውም። ይህን ሁሉ ሰዓት ብቻውን ሲሆን ግን ተረሳሁ ብሎ አያዝንም። ምክንያቱም ከቆጠራው በኋላ ነገራ እንዳለ ያውቃል፤ ይኸውም በመምህሩ ፊት ቀርቦ የቈጠረውን የሚያሰማበት፣ መምህሩም አድምጠው የጎደለውን የሚያርሙበት ሰዓት ነው።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። የቆጠራው ዝምታ የሚጣፍጠው በመጨረሻው ላይ የሚሰማ ጆሮ ስላለ ነው። ነገራ የሌለበት ቆጠራ ቢሆን ኖሮ ያ ተማሪ የተጣለ ልጅ በሆነ ነበር። ቸልታ ማለትም ይኸው ነው፤ በመጨረሻው ላይ ጆሮ የሌለበት ዝምታ።

ሁለተኛው ስሕተቴ

ከዚያ ልጅ ጋር ከተነጋገርሁ በኋላ ስሕተቴን ለማረም ተጣደፍሁ። ዝም ያለውን ተማሪ ሁሉ «ተነሥ፣ ተናገር» እያልሁ አስጨንቅ ጀመር። ከነዚህም አንዷ በሁለተኛው ረድፍ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ሦስት ቀን በተከታታይ አስነሣኋት፤ በሦስተኛው ቀን እንባዋ መጣ። ትምህርቱ ሲያልቅ ግን ወደ ጠረጴዛዬ ቀርባ፣ «መምህር፣ እኔን ማንም አልናቀኝም። ነገሩ በልቤ እስኪበስል ነው ዝም የምለው። ሲበስልልኝ ራሴ እጄን አወጣለሁ» አለችኝ።

አንዱን ልጅ ሳላየው፣ ሌላዪቱን ደግሞ ከመጠን በላይ በማየት በደልሁ። የዘነጋሁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ የዝምታው ቁልፍ ያለው በማን እጅ ነው? በልጁ በራሱ እጅ ከሆነ ጭምት ነውና ይከበርለት። በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ግን ተዘግቶበታልና ይከፈትለት። ይህን ጥያቄ መምህርና ወላጅ ሊጠይቁት ይገባል፤ ይልቁንም ልጁ ራሱን እንዲጠይቅበት ማስተማር ያስፈልጋል። «አሁን ልናገር ብል የሚሰማኝ አለን?» አለ ብሎ ከመለሰ በሰላም ዝም ይበል። የለም ካለ ደግሞ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ይወቅ።

እንዴት እናስተምራቸው?

ይህን ትምህርት በመጽሐፍ ሳይሆን በየቀኑ አኗኗራችን እንሰጠዋለን። በመጀመሪያ፣ ለዝምታችን ስምና ልክ እንስጠው። አንድ ማታ ደብተር ሳርም የስድስት ዓመት እኅቴ ሁለት ጊዜ ጠራችኝና መልስ ስታጣ፣ «ጋሼ፣ አኮረፍከኝ እንዴ?» አለችኝ። አላኮረፍሁም፤ ቍጥር እየደመርሁ ነበር። እሷ ግን ይህን በምን ታውቃለች? ከዚያ ወዲህ «ሰምቼሻለሁ፤ ይህችን ደብተር ልጨርስና እመጣለሁ» እላታለሁ። ደብተሯን ስጨርስም እሄዳለሁ። ዋናው ነገር ይህ መሄዱ ነው፤ «ቆይ» ብሎ የማይመጣ ሰው ለልጅ የሚያስተምረው «ቆይ» ማለት «ተወኝ» ማለት መሆኑን ነው።

ሁለተኛ፣ ከጠየቅን እንጠብቅ። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በ1970ዎቹ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ ከአንድ ሰከንድ እንደማይበልጥ ገለጹ። ይህን ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ያሳደጉት እንደ ሆነ ግን የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፤ መልስ አጥቶ የሚቀረው ቍጥር ይቀንሳል፤ ከዚያ በፊት የማይሳተፉትም መናገር ይጀምራሉ። በክፍሌ ሞከርሁት። በመጀመሪያው ቀን ጠይቄ ዝም ስል ተማሪዎቹ የረሳሁ መስሏቸው ሳቁብኝ። በሳምንቱ ግን ያ ዝምታ ለእነሱ እንደ ተተወላቸው አወቁት።

ሦስተኛ፣ ቅጣታችንን እንመርምር። ልጅ ሲያጠፋ ቀኑን ሙሉ አኵርፎ አለማናገር ከዱላ የተሻለ የሚመስላቸው ወላጆች አሉ። ዱላው ቀረ ተብሎ ኩርፊያው ደግ አይሆንም። ልጁ ምን እንዳጠፋና ነገሩ መቼ እንደሚያበቃ ካልተነገረው፣ የሚያስበው ስለ ጥፋቱ ሳይሆን ስለ መጣሉ ነው። «ተቆጥቻለሁ፤ ቍጣዬ ሲበርድ እንነጋገራለን» ማለት የማንንም አባት ክብር አይቀንስም።

አራተኛ፣ ሌላ ጆሮ መፈለግን እናስተምራቸው። አንዱ ዝም ያለው ልጅ ወደ አያቱ፣ ወደ አክስቱ፣ ወደ መምህሩ ሄዶ «ስሙኝ» ማለት ነውር እንዳይመስለው። ነገሩ ቀላል አይደለም። በልጅ ላይ ክፉ የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ የሚያዘው «ዝም በል» ብሎ ነው። ዝምታ ሁሉ ጨዋነት ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ያን ጊዜ በምን ይለየዋል? የተባበሩት መንግሥታት በኅዳር 1982 ዓ.ም. ያጸደቀው፣ ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ፣ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ላይ ሐሳቡን የመግለጽና ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ አንቀጽ ሥራ ላይ የሚውለው ግን በመጀመሪያ በራት ገበታ ላይና በመማሪያ ክፍል ውስጥ ነው።

ከክፍል እስከ ቢሮ

ይህን የምታነቡ አንዳንዶቻችሁ ገና ልጅ አልወለዳችሁ ይሆናል፤ እኔም አልወለድሁም። ሆኖም ነገሩ እኛን አይመለከትም አንበል። ባለጉዳይ ከጠረጴዛው ፊት ቆሞ ሳለ ቀና ሳይል የሚጽፍ ጸሐፊ ምናልባት የሥራ ሰው ነው። ባለጉዳዩ ግን ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀው አለመታየቱን ብቻ ነው። «ይህችን መስመር ልጨርስና አነጋግርዎታለሁ» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ምን ያህል ነው? እንደዚሁም አዲስ የተቀጠረ ወጣት በስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ ሐሳብ አቅርቦ የሚሰማው ሲያጣ፣ ሦስተኛውን አያቀርብም። ከዓመታት በኋላም «ጸባዩ ጭምት ነው» ተብሎ በማኅደሩ ይጻፍለታል። እኔ በዚያ ካርድ ላይ የጻፍሁትም ይህንኑ አልነበረምን?

ያን ልጅ ዘንድሮም በአሥረኛ ክፍል አስተምረዋለሁ። ተናጋሪ ሆነ ብዬ አልዋሽም፤ አንድ ጊዜ የተዘጋ በር በአንድ ቀን አይከፈትም። በቅርቡ ግን ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ዘወር ብል እጁን አውጥቶ አየሁት። «አይቼሃለሁ፤ ይህን ዐረፍተ ነገር ልጨርስ» አልሁት። እጁን አወረደና ብዕሩን በደብተሩ ላይ አስተኝቶ ጠበቀ። ዐረፍተ ነገሩ ረጅም ነበር፤ እሱ ግን ወደ መስኮቱ አልዞረም። ጠመኔውን አስቀምጬ ስሙን ጠራሁ፤ ጥያቄውንም ጠየቀኝ።

እንግዲህ በየቤታችሁና በየመሥሪያ ቤታችሁ ዝም ያለ ሰው ስታዩ፣ ከማመስገናችሁም ከመገሠጻችሁም በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ ይህ ሰው ዝም ያለ ነው ወይስ ዝም የተባለ?