ምግብ፣ ውፍረትና በጂን ላይ የሚያርፈው ምልክት

በሰው አካል ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ህዋስ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ አንድ ዓይነት የዘር ቅጂ ይዟል። ዲኤንኤ በተባለው ረጅም ሞለኪውል ላይ የሰፈሩትና ፕሮቲን የሚሠራባቸውን መመሪያዎች የያዙት ወደ 20,000 የሚጠጉ ጂኖች በጉበትም፣ በጡንቻም፣ ከቆዳ ሥር በተከማቸው ስብም ውስጥ ያው ናቸው። ጉበትን ከስብ የሚለየው ከእነዚህ ጂኖች የትኞቹ ሥራ ላይ እንደሚውሉ፣ የትኞቹ ዝም እንደሚሰኙ፣ የሚሠሩትም በምን መጠን እንደሚሠሩ የሚወስነው ሥርዓት ሲሆን፣ ይህም የጂን ቁጥጥር ይባላል። ከእናትና ከአባት የተወረሰው ጽሑፍ ዕድሜ ልክ ብዙም ሳይለወጥ ሲኖር፣ ቁጥጥሩ ግን ሰው እንደሚበላው፣ እንደሚተኛው፣ እንደሚንቀሳቀሰውና እንደሚታመመው ይለዋወጣል።

ምግብና የጂን ቁጥጥር ያላቸው ግንኙነት ከልክ ያለፈ ውፍረት ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ሲታይ ልዩ ክብደት ያገኛል። በሕክምና አነጋገር ከልክ ያለፈ ውፍረት አለበት የሚባለው በኪሎ ግራም የተለካው ክብደቱ በሜትር ለተለካው ቁመቱ ካሬ ሲካፈል ውጤቱ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆን አዋቂ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ ሕፃናትን ጨምሮ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ችግር ጋር ይኖሩ ነበር። ይህን ያህል ሕዝብ የሚመለከትን ጉዳይ የሆዳምነትና የስንፍና ውጤት አድርጎ ማለፍ ሳይንሱ ከደረሰበት ደረጃ ጋር ፈጽሞ አይጣጣምም።

ምግብ ለአካል ጉልበት ከመስጠቱ ባሻገር ለጂኖችም መልእክት ያደርሳል። ሰው እህል በልቶ የደሙ ስኳር ከፍ ሲል ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ወደ ጉበት ደርሶ ስብ የሚሠሩ ጂኖችን ሥራ የሚያበረታ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን እንዲበዛ ያደርጋል፤ ሌላ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ደግሞ ለስኳሩ ለራሱ ምላሽ በመስጠት ያንኑ ሥራ ያግዛል። ከቅባት የሚገኙት የስብ አሲዶችም ፒፓር ተብለው በሚጠሩ ፕሮቲኖች ላይ በቀጥታ ተጣብቀው፣ ስብ የሚቃጠልበትን ወይም የሚከማችበትን መንገድ የሚመሩ ጂኖችን ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ሁሉ በሰዓታት ውስጥ የሚፈጸምና ማዕዱ ከተነሳ በኋላ ቀስ በቀስ የሚረጋጋ ነው።

ከዚህ የዘገየና የሚሰነብት ሌላ የቁጥጥር ዓይነት አለ፤ እርሱን የሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍ ኤፒጄኔቲክስ ይባላል። በድጓ ላይ ከግእዙ ቃል በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች ፊደሉን ሳይነኩ ቃሉ እንዴት እንደሚዜም እንደሚወስኑ ሁሉ፣ በዲኤንኤ ላይ የሚያርፉ ኬሚካላዊ ምልክቶችም ጽሑፉን ሳይለውጡ አሠራሩን ይወስናሉ። ከእነዚህ በይበልጥ የተጠናው ሜቲል የተባለው፣ ከአንድ ካርቦንና ከሦስት ሃይድሮጂን የተሠራ ትንሽ ውህድ ሲሆን፣ በጂን መነሻ አካባቢ በብዛት ሲለጠፍ አብዛኛውን ጊዜ ያ ጂን ይዳከማል ወይም ዝም ይላል። ሁለተኛው ምልክት ዲኤንኤ በተጠቀለለባቸው ሂስቶን በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ የሚያርፍ ሲሆን፣ ጥቅሉን በማላላት ወይም በማጥበቅ ጂኑ ለሥራ የተመቸ ወይም ያልተመቸ እንዲሆን ያደርጋል።

የእነዚህ ምልክቶች ጥሬ ዕቃ በከፊል ከምግብ ይገኛል። ሜቲልን ለማዘጋጀት አካል ፎሌት፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ኮሊንና ሜታዮኒን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ያስፈልጉታል፤ በኢትዮጵያ ማዕድ ላይ ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ጥሩ የፎሌት ምንጮች ሲሆኑ፣ ቢ12 ግን በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም በጥራጥሬና ባልተፈተገ እህል ውስጥ ያለውን አሰር፣ በተለምዶ ፋይበር የሚባለውን፣ አብላልተው ቡቲሬት የተባለ አሲድ ያወጣሉ፤ ይህ አሲድ የሂስቶንን ምልክት የሚያነሱ ኢንዛይሞችን ሥራ ይገታል። ይሁን እንጂ አንድ ምግብ ከጂን ምልክት ጋር ግንኙነት አለው ማለት እርሱን አብዝቶ መብላት ያከሳል ማለት አይደለም፤ ብዙ የገበያ ማስታወቂያ ይህን ልዩነት ሆን ብሎ ይዘለዋል።

ነገሩ በግልጽ የሚታየው በስብ ህዋሳት ውስጥ ነው። ስብ ሲበዛ ህዋሳቱ እየተለጠጡ ይሄዳሉ፣ የሚደርሳቸው ኦክስጅን ያንሳቸዋል፣ የመከላከያ ህዋሳትም ወደ አካባቢው ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ የብግነት ጂኖች ያለማቋረጥ መሥራት ይጀምራሉ። ቁስል ሲቆጣ እንደሚታየው ያለ፣ ነገር ግን ዝቅተኛና የማያባራው ይህ ብግነት ኢንሱሊን ሥራውን በሚገባ እንዳያከናውን ስለሚያደርግ ለስኳር በሽታ መንገድ ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በኔዘርላንድስ የዋገኒንገን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሰዎች ለ8 ሳምንታት፣ እንዲከሱ ሳይሆን የቅባቱ ዓይነት ብቻ እንዲለያይ ተደርጎ፣ ከፊሎቹ እንደ ቅቤ ባለ ጠጣር ቅባት፣ ከፊሎቹ ደግሞ እንደ ወይራ ዘይት ባለ ፈሳሽ ቅባት የበለጸገ ምግብ ተመገቡ፤ በጠጣሩ ቅባት ወገን የነበሩት ሰዎች የስብ ህዋሳት የብግነት ጂኖችን ሥራ የሚያጎላ ሁኔታ አሳዩ። የቅባት ዓይነት በጂን ሥራ ላይ ለውጥ ማምጣቱ እንግዲህ የታየ ነገር ነው።

ክብደት ለመቀነስ በሚደረግ ጥረት ግን የምግቡ መጠን ከዓይነቱ ይበልጥ ይመዝናል። ኑጀኖብ በተባለው የአውሮፓ የጋራ ጥናት ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ተሳታፊዎች ለ10 ሳምንታት ጉልበቱ የተቀነሰ ምግብ ሲመገቡ፣ ከፊሎቹ ቅባቱ ዝቅ ያለ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ከፍ ያለ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። በስብ ህዋሳት ጂኖች ላይ ሰፊውን ለውጥ ያመጣው የጉልበቱ መቀነስ ሲሆን፣ በሁለቱ የምግብ ዓይነቶች መካከል የታየው ልዩነት አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። በፈረንሳይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ደግሞ በ28 ቀናት ጥብቅ የምግብ ቅነሳ ብቻ የብግነት ጂኖች ሥራ እንደሚዳከምና ብግነትን የሚያበርዱት እንደሚበረቱ አሳይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፦ በወፍራም ሰዎች ጂኖች ላይ የሚታዩት ምልክቶች የውፍረቱ መንስኤ ናቸው ወይስ ውጤት? እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ከአውሮፓና ከህንድ የተገኙ ሰዎችን ደም የመረመረ ሰፊ ጥናት ከክብደት ጋር የሚለዋወጡ 187 የሜቲል ቦታዎችን ለይቶ፣ አብዛኞቹ የውፍረቱ ውጤት እንጂ መንስኤ አለመሆናቸውን አመልክቷል። ያም ሆኖ ምልክቶቹ ለስኳር በሽታ የተጋለጠውን ሰው አስቀድሞ ለመጠቆም ይረዳሉ።

የተወረሰው ጽሑፍም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከውፍረት ጋር ያለው ግንኙነት በታወቀው፣ ኤፍቲኦ በተባለው ጂን ሁለቱም ቅጂዎች ላይ ለውፍረት የሚያጋልጠውን ዓይነት የያዙ አዋቂዎች ምንም ካልያዙት በአማካይ 3 ኪሎ ግራም ያህል ይበልጣሉ። የሚገርመው፣ በ2014 እና በ2015 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ልዩነቱ ያረፈበት ቦታ በርቀት ያሉ ሌሎች ጂኖችን የሚቆጣጠር ነው፤ ቁጥጥሩ ሲላላ የስብ ህዋሳት ስብን አቃጥለው ሙቀት ከማውጣት ይልቅ ወደ ማከማቸት ያዘነብላሉ። እንዲህ ያለው ውርስ ግን የተቆረጠ ፍርድ አይደለም፤ ከ218,000 በላይ አዋቂዎችን ያካተተ ትንተና የሰውነት እንቅስቃሴ የሚያደርጉ ሰዎች ከዚህ ጂን የሚመጣባቸው የውፍረት ተጋላጭነት 27 በመቶ ያህል ዝቅ እንደሚል አረጋግጧል። በጂን ምርመራ የታዘዘ አመጋገብ እናቀርባለን የሚሉ ነጋዴዎች ግን እስካሁን በቂ ማስረጃ የላቸውም፦ እ.ኤ.አ. በ2018 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 609 ሰዎችን ለ12 ወራት የተከታተለው ጥናት፣ ቅባት ይቀንስ ወይስ ስኳርና ስታርች ይቀንስ የሚለውን ምርጫ ከጂን ጋር ማዛመድ በክብደት ቅነሳ ላይ ልዩነት እንዳላመጣ አሳይቷል።

የምልክቶቹ ዕድሜ ግን እጅግ ሊረዝም ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ ከ1944 እስከ 1945 ባለው ክረምት በምዕራብ ኔዘርላንድስ በደረሰው ረሃብ ወቅት የተጸነሱ ሰዎች ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ሲመረመሩ፣ ለዕድገት በሚያገለግል አንድ ጂን ላይ ያለው ሜቲል ከወንድምና እኅቶቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው በ2024 ከዙሪክ የወጣው ግኝት ነው። ተመራማሪዎቹ ከልክ ያለፈ ውፍረት የነበረባቸውን ሰዎች የስብ ህዋሳት ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በፊትና ከ2 ዓመት በኋላ አነጻጽረው፣ ክብደቱ በእጅጉ ከቀነሰም በኋላ ብዙ ጂኖች ወደ ቀድሞ አሠራራቸው እንዳልተመለሱ አረጋገጡ። በአይጦች ላይ ባደረጉት ተጓዳኝ ምርመራም በስብ ህዋሳቱ ውስጥ የቀሩትን ምልክቶች ለይተው አወጡ፤ ቀድሞ ወፍረው የከሱት አይጦች ቅባት የበዛበት ምግብ በድጋሚ ሲሰጣቸው፣ ወፍረው ከማያውቁት ፈጥነው ወፈሩ። በጡንቻ ላይ ቀደም ሲል፣ በ2013፣ የታተመ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንዳንድ የሜቲል ምልክቶች ወደ ጤናማው ልክ መመለሳቸውን አሳይቶ ስለነበር፣ ሁሉም ህዋስ እኩል አያስታውስም ማለት ነው። የሰው የስብ ህዋሳት በየዓመቱ 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሚተኩ፣ የስብ ትዝታ ቢደበዝዝ እንኳ ዓመታትን የሚጠይቅ ይመስላል።

ስለዚህ ከስቶ እንደገና የወፈረን ሰው ቁርጠኝነት ጎደለው ብሎ መውቀስ በደል ነው፤ አካሉ ወደ ቀድሞ ክብደቱ ይጎትተዋልና። የጤና ባለሙያዎች የክብደት ሕክምናን የጥቂት ወራት ዘመቻ ከማድረግ ይልቅ፣ እንደ ደም ግፊትና እንደ ስኳር ሕመም ለዓመታት የሚዘልቅ ክትትል አድርገው ሊይዙት ይገባል። ክብደቱ የተመለሰበት አንባቢም አፍሮ ከመሸሸግ ይልቅ ወደ ሐኪሙ ተመልሶ ክትትሉን ይቀጥል።