ቀዩ ጠመኔ ለማን ይታያል?

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ በሚወስደው መኪና ግርግር ስናልፍ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ክሩን ከጨርቁ ቀለም ጋር ሲያመሳስሉ እናያለን። ለአብዛኞቻችን ቀዩን ከአረንጓዴው መለየት ሥራ አይደለም። ለአንዳንድ ሰው ግን ሁለቱም ቡናማ መሳይ ናቸው። እንዲህ ያለው ልጅ ነገ በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ ይኖራል።

ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው? በዐይናችን የውስጥ ጀርባ ባለው ሬቲና ላይ ቀለም የሚለዩ፣ ኮን የተባሉ ሦስት ዐይነት ሴሎች አሉ። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ወይም ሲዛባ ብዙውን ጊዜ የሚምታቱት ቀይና አረንጓዴ ናቸው። ጉድለቱ የሚወረሰው በኤክስ ክሮሞዞም ነው። ሴት ሁለት ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካላታል፤ ወንዱ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው። በጉራጌ፣ አበሽጌ ወረዳ፣ በአምስት ትምህርት ቤቶች በተደረገ ምርመራ ከ100 ወንዶች ልጆች 4 ያህሉ ይህ ችግር ተገኝቶባቸዋል። ሠላሳ ወንዶች ባሉበት ክፍል አንድ ልጅ መጠበቅ ነው ማለት ነው። ልጁ ራሱም አያውቀውም፤ ሌላውም እንደሱ የሚያይ ይመስለዋል።

ታዲያ መምህሩ «በቀይ የተጻፈውን ብቻ ቅዱ» ሲል ልጁ ይደናገራል። ካርታ ሲያቀልም ጫካውን ቡናማ ቢያደርገው ይሣቅበታል፤ «ሰነፍ» ይባላል። ኧረ ስንቱ በከንቱ ተቆጥቶበታል! ቀይ ጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እኮ ለደኅና ዐይንም ከኋላ ወንበር አይነበብም። ውጤት በኮምፒውተር ሲሞላም የወደቀውን በቀይ፣ ያለፈውን በአረንጓዴ መለየት ተለምዷል። አጠገቡ «አለፈ»፣ «ወደቀ» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል?

ይህን ጉድለት ስክሪን ያመጣል የሚሉ አሉ፤ አያመጣም። ስክሪን ላይ ስናፈጥ የሚቀንሰው የዐይን መርገብገብ ነው፤ ዐይን ይደርቃል፣ ያቃጥላል። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ስድስት ሜትር ያህል የራቀ ነገር መመልከት ያሳርፋል። ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ መንገደኛ ሰላም ሲል ሳያውቀው ዐይኑን እያከመ ነው።

በፊት ቀለም ይለይ የነበረ ዐዋቂ ድንገት ቢደበላለቅበት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ኢታምቡቶል አንዳንዴ የዐይን ነርቭ ይጎዳልና በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይንገር።

ልጆችን ለመመርመር ጃፓናዊው ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ በ1917 እ.ኤ.አ. ያሳተማቸው ባለነጠብጣብ ሥዕሎች አሉ። ለልምምድ ማስተማር ስንወጣ የምንጠረጥረውን ልጅ ለብቻው ጠርተን እናነጋግረው፤ በጓደኞቹ ፊት «ይኼ ምን ቀለም ነው?» እያልን አንፈትነው። ሰሌዳው ላይም በነጭና በቢጫ ጠመኔ እንጻፍ፤ ዋናውን ነጥብ ከሥሩ እናስምርበት።