«ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል» ከማለት በፊት

አቃቂ ቃሊቲ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን ለማደስና ለሥልጠና የሚሆን ማዕከል የተቋቋመበት ክፍለ ከተማ ነው። ይሁንና ብዙ አሮጌ ማሽን የሚታደስበት ዕድል ሳያገኝ «ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል» ተብሎ ይጣላል። ይህ ፍርድ በአብዛኛው ችኩል ነው።

ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪንና በ7ቢ የሚያልቅ የስሕተት ቁጥር ካሳየ፣ ዲስኩን መድረስ አልቻልኩም ማለቱ እንጂ ዲስኩ ሞቷል ማለቱ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክስፒ ኤኤችሲአይ ለሚባለው የሳታ አሠራር የራሱ ድራይቨር የለውም። «ታዲያ ትናንት እንዴት ሠራ?» ለሚል፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ ናት። እሷ ካለቀች፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ምርጫው ይመለሳል፤ በአንዳንድ ማሽን ያ ምርጫ ኤኤችሲአይ ነው። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ካገኛችሁት ጥርጣሬው ይጠናከራል። ባትሪዋን ቀይሩ፣ ባዮስ ገብታችሁ ሳታውን ወደ አይዲኢ መልሱ።

«ፎርማት ያድነዋል» የሚለው እምነት ከሁሉ ይጎዳል። ፎርማት የጎደለ ድራይቨር አያመጣም፤ ሰነዱን ግን ያጠፋል። እነዚህ ማሽኖች ውስጥ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ የተጻፉ፣ ሌላ ቅጂ የሌላቸው የዓመታት ደብዳቤዎችና መዝገቦች ሊኖሩ ይችላሉ። ኤክስፒን እንደ አዲስ መጫን ግድ ከሆነም፣ ድራይቨሩን በፍሎፒ አዘጋጅቶ ጫኙ ሲጀምር ኤፍ6ን መጫን ይቻላል።

ትልቅ ዲስክ 137 ጊጋባይት ብቻ ሲያሳይ «ፎርጅድ ነው» ይባላል። ገደቡ ግን ከአሮጌው ባለ28 ቢት አድራሻ የመጣ ነው። ለኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 1 ይፈታዋል፤ ባዮሱም ትልቁን ዲስክ የሚደግፍ መሆን አለበት።

«ቫይረስ ነው» የሚሉት ደግሞ አንዳንዴ እውነት አላቸው። ዊንዶውስ 98 ዲስኩን በዶስ ተኳኋኝነት ስልት እያነበበ ከተንቀራፈፈ፣ መንስኤው ኮንፊግ ሲስ ውስጥ የቀረ አሮጌ ድራይቨር ወይም የቡት ቫይረስ ሊሆን ይችላል።

ዲስኩ እየደጋገመ ቀጭ ቀጭ ካለ ወይም ኬብሉ ተቀይሮም ባዮሱ ካላየው ግን ጉዳቱ የራሱ የዲስኩ ሊሆን ይችላል። ያኔ ደጋግሞ ማስነሳት ያባብሳል። አጥፉት፤ ሰነዱ የሚያስፈልግ ከሆነ መረጃ ለማውጣት ልምድ ላለው ባለሙያ ስጡት።