ሐረር ሆኖ አሜሪካን ማጥናት፦ የመሰናዶ ዓመትና በእጅ ያለው ማስረጃ

የአሜሪካ ጥናት በመባል የሚታወቀው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የአንዲትን አገር ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ፖለቲካ፣ ሃይማኖት፣ ሙዚቃና የዕለት ኑሮ ለየብቻ ሳይሆን አንዱን ከሌላው እያያያዘ የሚመረምር ዘርፍ ነው። ከቀደምቶቹ የዶክትሬት መርሐ ግብሮች አንዱ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1937 የተጀመረ ሲሆን የአሜሪካ ምሁራን ማኅበራቸውን በ1951፣ የብሪታንያዎቹ ደግሞ በ1955 አቋቁመዋል (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንኑ ትምህርት ከመሰናዶ ዓመት ጋር መማር ይቻላል፤ የመግቢያ ውጤቱ ያልሞላለት ተማሪ ከመደበኛው የሦስት ዓመት ዲግሪ በፊት አንድ ዓመት እየተጨመረለት ጽሑፍ ማንበብን፣ ማስረጃ መመዘንን፣ ሐሳብን በሥርዓት ማቅረብንና የታሪኩን መሠረታዊ መስመር ይለማመዳል።

የመሰናዶ ዓመት ነገር ለሐረር ወጣት እንግዳ አይደለም። እንዲያውም የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ያለፉት ሰባ ዓመታት ታሪክ፣ ከአንድ ወገን ሲታይ፣ ይህች አንድ ዓመት የት ትቀመጥ የሚለውን ጥያቄ ደጋግሞ የመመለስ ታሪክ ነው። የብሪታንያው ሥርዓት ተማሪው ገና ሲገባ ሙያውን መርጦ በሦስት ዓመት እንዲጨርስ የሚጠይቅ ሲሆን፣ የአሜሪካው ግን አራት ዓመት ሰጥቶ የመጀመሪያውን ለጠቅላላ ዕውቀት ይተዋል፤ በዚያ ዓመት ያለውን ተማሪ አሜሪካውያን «ፍሬሽማን» ይሉታል። በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳውያን ኢየሱሳውያን ይመራ ነበር፤ በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ግን የዩታ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ምክር ስለታከለበት የአሜሪካው አሠራር ጎልቶ ወጣ። የፍሬሽማን ዓመት፣ የክሬዲት ሰዓት፣ ነጥብን ከአራት የማስላት ልማድ፣ ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ለወጠው። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል «መሰናዶ» ተብለው የፍሬሽማንን ሥራ እንዲሠሩ ተደረገ፤ አብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪም ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። ሁለት አሥርት ዓመታት ከግማሽ ካለፉ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ፍሬሽማን ተመልሶ መጣ፤ ተማሪው ሙያውን ከመያዙ በፊት ሎጂክን፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ታሪክ፣ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂን፣ ሥነ ልቡናንና ዓለም አቀፍ ጉዳዮችን ይማር ተባለ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የተሰጠውን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲታወቅ ደግሞ፣ ለማለፍ ጥቂት የቀራቸው ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ተቀብለው የሚያጠኑበት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተጀመረ፤ ተማሪው ሁሉ «ሪሜዲያል» የሚለው ይህ ነው። ከብሪታንያው የመሰናዶ ዓመት ጋር በዓላማ የሚመሳሰለው ፍሬሽማን ሳይሆን ይኸኛው መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ፍሬሽማን ሁሉም የሚያልፍበት በር ሲሆን ሪሜዲያል በሩ ለተዘጋበት የተከፈተ መስኮት ነው።

በኢትዮጵያ የአሜሪካን ጥናት ራሱን ችሎ በዲግሪ መስጠት አልተለመደም። ይሁን እንጂ አሜሪካን ከሐረር ሆኖ ለማጥናት የሚያስፈልገው ማስረጃ ከሐረር ብዙ አይርቅም፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በጥር 1949 ባደረጉት የሥልጣን መረከቢያ ንግግር ከዘረዘሯቸው የውጭ ፖሊሲ ነጥቦች አራተኛው ለታዳጊ አገሮች የቴክኒክ ዕርዳታ መስጠት ስለነበር ፕሮግራሙ «ፖይንት ፎር» ተብሎ ቀረ፤ ስሙን በዕድሜ የገፉ ኢትዮጵያውያን ዛሬም ያስታውሱታል። የዚሁ ፕሮግራም የመጀመሪያው ኃላፊ ሄንሪ ቤኔት ቀድሞ የኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋግረው ነበር፤ በታኅሣሥ 1951 ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ቢሞቱም የእርሻ ኮሌጁን የማቋቋሙ ስምምነት በ1952 ተፈረመ። ትምህርቱ መጀመሪያ በጅማ ተሰጥቶ በ1956 ወደ ዓለማያ (የዛሬው ሐረማያ) ተዛወረ፤ ኮሌጁም በጥር 1958 በንጉሠ ነገሥቱ ተመረቀ። የኦክላሆማዎቹ ውል እስከ 1968 የቆየ ሲሆን ተቋሙ በ1985 የዓለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2006 ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

የመጀመሪያ ስሙ በጥንቃቄ ቢነበብ የአሜሪካ ታሪክ ምዕራፍ ይወጣዋል። «የንጉሠ ነገሥቱ የኢትዮጵያ የእርሻና የሜካኒክ ጥበባት ኮሌጅ» የሚለው ስም በአብርሃም ሊንከን ፊርማ በሐምሌ 1862፣ ማለትም በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል፣ ከወጣው የሞሪል ሕግ ቋንቋ የተቀዳ ነው። ሕጉ የፌዴራሉ መንግሥት ለየክፍለ ግዛቱ መሬት እንዲሰጥ፣ ከመሬቱ ሽያጭ በሚገኘው ገንዘብም የገበሬና የሠራተኛ ልጆች እርሻና ሜካኒክ የሚማሩባቸው ኮሌጆች እንዲቋቋሙ ያዘዘ ሲሆን፣ እነዚህ ተቋማት «የመሬት ስጦታ ኮሌጆች» ይባላሉ። ማስተማርን፣ ምርምርንና ዕውቀትን ወደ ገበሬው ማድረስን በአንድ ተቋም ማጣመር የእነርሱ መለያ ነው፤ ሐረማያ የወረሰውም ይህንኑ ነው። ግን የተሰጠው መሬት ከማን የተወሰደ ነበር? ኦክላሆማ በ1830ዎቹ ከደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ በግድ ተነቅለው የተባረሩ ነባር ሕዝቦች የሰፈሩበት አገር ነበር፤ በሚያዝያ 1889 ከዚያ ከፊሉ ለሰፋሪዎች ሲከፈት ሰዉ በፈረስና በጋሪ እየተሽቀዳደመ ችካል ተከለበት፤ ኮሌጁ የተመሠረተባት ስቲልዋተር ከተማም የዚያ ሽቅድምድም ልጅ ናት። የመሬት ጥያቄ በዘመኑ ምን ያህል ደም እንዳፈላ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ረጅም ማብራሪያ አይሻም።

ሌላም አለ። የኦክላሆማው ኮሌጅ እስከ 1949 ድረስ ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር፤ በዚያ ክፍለ ግዛት ለጥቁሮች የተለየው ኮሌጅ በ1897 የተመሠረተው ላንግስተን ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1954 ስቲልዋተርን ሲጎበኙ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በተለያየ ትምህርት ቤት መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ከወሰነ ገና አንድ ወር ገደማ ነበር። አፍሪካዊ ንጉሠ ነገሥት በክብር የተቀበለው ተቋም ከአምስት ዓመት በፊት የዚያው ክፍለ ግዛት ጥቁር ገበሬ ልጅን አይቀበልም ነበር ማለት ነው። የአሜሪካ ጥናት እንደ ትምህርት ዘርፍ የሚኖረው ይህን የመሰለውን ተቃርኖ ለማስረዳት ነው፤ ማመስገን ወይም መውቀስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዲግሪ ባላስፈለገው።

ከኮሌጁ በፊት ደግሞ ጨርቁ ነበር። አቡጀዲ ተብሎ የሚታወቀው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያና በሃያኛው መግቢያ ላይ በአብዛኛው ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ወጥቶ በኤደንና በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ለሐረር ገበያና ከዚያም ለመሐል አገር ይደርስ ነበር፤ በዛንዚባርና በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ይኸው ጨርቅ «መሪካኒ» እየተባለ ይሸጥ እንደነበር ማስተዋል የመነሻውን ነገር ያጎላዋል። አሜሪካዊው ቆንስል ሮበርት ስኪነር በ1903 በባቡር እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያም በሲራራ አዲስ አበባ ገብቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በታኅሣሥ ወር የንግድ ውል የተፈራረመው ከምንም ይልቅ በዚህ ጨርቅ ምክንያት ነበር። አንድ ክንድ አቡጀዲ ተይዞ ወደ ኋላ ቢኬድ ከጅቡቲ ወደብ ወደ ማሳቹሴትስ ፋብሪካዎች፣ ከፋብሪካዎቹ ወደ ደቡብ ክፍለ ግዛቶች የጥጥ እርሻ፣ ከእርሻውም እስከ 1865 በባርነት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በእኩል አራሽነት ወደኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን ይደረሳል። የሐረርጌ ጭሰኛ አያቱን የሚያስታውስ ተማሪ የእኩል አራሽን ኑሮ ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

አሜሪካን ከሁሉ ቀድሞ ከቅርብ ያጠናው የሐረር ልጅ ምናልባት ዶክተር መላኩ በያን ሊሆን ይችላል። በወሎ ተወልዶ በሐረር በራስ መኮንን ግቢ ያደገው መላኩ፣ በኦሃዮ የማስኪንገም ኮሌጅ ከተማረ በኋላ ሕክምናን በዋሽንግተን በሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በሃዋርድ አጠናቀቀ፤ ጥቁር አሜሪካዊት አገባ፤ ጣልያን ኢትዮጵያን ከወረረ በኋላም በ1937 በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሥርቶ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ነጻነት አሰለፈ። በ1940 እዚያው አገር ሞተ። በዚያን ዘመን ብዙ የውጭ አገር እንግዶች ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር እንዳይቆጠሩ ይጠነቀቁ በነበረበት ሁኔታ፣ እርሱ አሜሪካን ከታችኛው በር ገብቶ ማየትን መረጠ፤ ይህ ምርጫ ከማናቸውም የመማሪያ መጽሐፍ የሚበልጥ የጥናት ዘዴ ነበር።

በ1962 የመጡት የሰላም ጓዶች፣ በሕዝቡ አጠራር «ፒስ ኮር»፣ ከ270 በላይ የሚሆኑ ወጣት መምህራን ሲሆኑ ሐረርን ጨምሮ በየከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። ከመምጣታቸው በፊት በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ለጥቂት ወራት ስለ ኢትዮጵያ ታሪክና ስለ አማርኛ ሥልጠና ወስደው ነበር፤ ይህም የእነርሱ መሰናዶ መሆኑ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ይገለበጣል። አሜሪካ በዚያው ዘመን ሐረርን በገንዘብና በዕቅድ እያጠናች ነበርና፤ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ቮልፍ ሌስላው የሐረሪ ቋንቋን የቃላት አመጣጥ መዝገበ ቃላት በ1963 አሳተሙ፤ አንትሮፖሎጂስቱ ሲድኒ ዋልድሮን ደግሞ በግንብ በታጠረው የሐረር ጀጎል ውስጥ ስላለው የዕድር፣ የጓደኝነትና የዝምድና ትስስር አጥንተው በ1974 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ያዙ። አሜሪካ ለሐረር ስትል መዝገበ ቃላት ስታሳትም ሐረር ለአሜሪካ የነበራት ፊልም፣ የፒስ ኮር መምህር ትዝታና በኋላም የዲቪ (የአሜሪካ የቪዛ ዕጣ) ፎርም ነው። ዲቪ ስለ አሜሪካ ጥያቄ ያስነሣል፤ የሚያስነሣው ግን እንዴት ይገባል የሚለውን እንጂ አገሪቱ እንዴት እዚህ ደረሰች የሚለውን አይደለም።

በፍሬሽማን ወይም በሪሜዲያል ያለ ተማሪ ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው ቢባል፣ አንዱ እንግሊዝኛ መሆኑ አያከራክርም፤ የሐረር ተማሪ ግን ሐረሪን፣ ኦሮምኛን፣ አማርኛንና አንዳንዴም ሶማሊኛን እያቀላቀለ ያደገ በመሆኑ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መሸጋገር የማይከብደው ነው። ሁለተኛው ምንጭ መመዘን ሲሆን፣ በቀድሞው የራስ ተፈሪ መኖሪያ ውስጥ ያለው የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም በውስጡ የያዛቸው የእጅ ጽሑፎች ማን፣ መቼ፣ ለምን ጻፈው የሚለውን ጥያቄ ለመለማመድ ከበቂ በላይ ናቸው። ሦስተኛው የገዛ አገርን ታሪክ ማወቅ ነው፤ ንጽጽር ሁለት ጎን ስለሚፈልግ።

ለመለማመጃ የሚሆን ጉዳይ ካስፈለገም ቅርብ አለ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋልና የአንድ ወገን ንብረት ሊሆኑ አይችሉም የሚለው ክርክር ተነሣ። ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተፈጠረው አለመግባባት በሰኔ 2007 በስምምነት ተቋጨ። ስለዚህ የጀጎል ልጅ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቱ የአሜሪካን ሕግ፣ ንግድና የመጠጥ ባህል በአንድ መዝገብ ማንበብ ቢፈልግ፣ በመዝገቡ ላይ የሚያገኘው የመጀመሪያው ጥያቄ ሐረር የከተማ ስም ነው ወይስ የቡና ዓይነት የሚል ይሆናል።