ሕፃኑ ሰመመን ውስጥ ሲገባ ትንፋሹን ማን ይጠብቅለታል?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1848 ሐና ግሪነር የምትባል የ15 ዓመት ልጅ በሰሜን እንግሊዝ፣ ኒውካስል አጠገብ የእግር ጥፍሯን ልታስነቅል ወንበር ላይ ተቀመጠች። ክሎሮፎርም ለማደንዘዣነት መዋል ከጀመረ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጨርቅ ላይ አፍስሶ አስሸተታት፤ ጥፍሩም ተነቀለ። ወዲያው ግን ፊቷ ገረጣ። ሐኪሙ ደንግጦ ውሃና ብራንዲ አፏ ውስጥ ጨመረ። በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወቷ አለፈ።

ክርክሩ ለመነሣት ጊዜ አልወሰደበትም። ክሎሮፎርምን ያስተዋወቀው ጄምስ ሲምፕሰን ልጅቱን አንቆ የገደላት በአፏ የተጨመረው ፈሳሽ ነው ሲል፣ የማደንዘዣ ሐኪም የነበረው ጆን ስኖው ደግሞ መድኃኒቱ ልቧን አቁሞታል አለ። ነገሩ ዛሬም አልተቋጨም።

ወላጅ ልጁን ለቀዶ ሕክምና ሲያስረክብ የሚያስጨንቀው መድኃኒቱ እንዳይበዛ ነው። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ዓይን ግን በዋናነት ትንፋሹ ላይ ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከአካሉ አንፃር ትልቅ በመሆኑ በጀርባው ሲተኛ አንገቱ ወደ ፊት ይታጠፋል። ምላሱ አፉን ይሞላዋል። በኪሎ ሲሰላ ከአዋቂ እጥፍ ገደማ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ የሚያጠራቅመው ደግሞ ትንሽ ነው። በዚህ ላይ የአየር ቧንቧው ጠባብ ነው፤ 4 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ዙሪያውን በ1 ሚሊሜትር ቢያብጥ ለአየር የሚቀረው ሩቡ ብቻ ነው።

ባለሙያዎቹ በጣም ከሚፈሯቸው ነገሮች አንዱ ላሪንጎስፓዝም ነው። ሕፃኑ ሲተኛ ወይም ሲነቃ ምራቅ ወይም ደም የድምፅ አውታሮቹን ይነካቸውና ድንገት ግጥም ብለው ይዘጋሉ። ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ሆዱ ይነሣል፣ የትንፋሽ ድምፅ ግን አይሰማም። የኦክስጅን መለኪያው ጩኸት እየወፈረ ይወርዳል። ያኔ ባለሙያው ጭምብሉን ፊቱ ላይ አጥብቆ፣ መንጋጋውን ወደ ፊት ስቦ ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ካልተከፈተ ጡንቻውን የሚያፍታታ መድኃኒት ይከተላል። ብዙውን ጊዜ በዚሁ ይፈታል። የሚፈታው ግን የሰለጠነ እጅና የተዘጋጀ መድኃኒት እዚያው ካለ ነው።

ልጁ እንዲተነፍስበት ወደ አየር ቧንቧው ስለሚገባው ቱቦም ቢሆን ባለሙያዎቹ ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። ጫፉ ላይ የሚነፋ ፊኛ ያለው ቱቦ የልጅን ቧንቧ ያቆስላል ተብሎ ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለአሥርተ ዓመታት ሲከለከል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን በአውሮፓ በ24 ማዕከላት 2,246 ትንንሽ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤቱን አወጣ። ከቱቦው በኋላ የሚከሰተው የጉሮሮ ሲርታ በሁለቱም ዓይነት ያው ነበር፤ 4.4 እና 4.7 በመቶ። ልክ አልሆነም ተብሎ ቱቦው የተቀየረላቸው ልጆች ግን ፊኛ በሌለው 30.8 በመቶ ሲሆኑ፣ ፊኛ ባለው 2.1 በመቶ ብቻ ናቸው። ለዘመናት እንደ ሕግ የተያዘ ልማድ በአንድ ጥሩ ቆጠራ ተናጋ።

አደጋው የድሃ አገር ብቻ እንዳይመስለን። በ33 የአውሮፓ አገሮች፣ በ261 ሆስፒታሎች ወደ 31 ሺህ የሚጠጉ ማደንዘዣዎችን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው አፕሪኮት የተባለ ጥናት በ5.2 በመቶው ላይ ከባድ ችግር መዝግቧል። ከአተነፋፈስ ጋር የተያያዘው ብቻ 3.1 በመቶ ነው። ልጁ ባነሰ ቁጥር አደጋው ይጨምራል፤ የባለሙያው ልምድ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል።

በእኛ አገር ማደንዘዣውን የሚሰጡት አብዛኞቹ ሐኪሞች ሳይሆኑ አንስቴቲስቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከትልልቅ ከተሞች ርቀው ይሠራሉ። እነሱን ያለ ኦክስጅን መለኪያ ማሠራት ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመውና አዲስ አበባ ላይ ቢሮ ያለው ላይፍቦክስ ይህችን ጣት ላይ የምትቆነጠጥ መሣሪያ ለድሃ አገሮች ሲያዳርስ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ቼክሊስትም ሕፃኑ ከመተኛቱ በፊት መለኪያው ተደርጎ መሥራቱ እንዲረጋገጥ፣ የአየር መንገዱ አስቸጋሪ መሆን አለመሆኑም እንዲጠየቅ ያዛል። መለኪያው በሌለበት ግን ቼክሊስቱ ወረቀት ብቻ ነው። ለሕፃናት የሚሆን ጭምብል፣ ቱቦና መለኪያ በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ መኖሩ ለድርድር መቅረብ የለበትም።

የወላጅም ድርሻ አለ። ጉንፋን የያዘው ልጅ ከዳነ በኋላም የአየር ቧንቧው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት በቀላሉ ይቆጣል። ስለዚህ ልጁ ሳል ወይም ንፍጥ ከነበረው ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ቀጠሮው ቢተላለፍ አትቆጡ። ሆዱ ባዶ ይሁን ሲባል አንጀቷ አልችል ብሎ ተደብቃ ወተት የምትሰጥ እናት ብዙ ናት፤ ያ ወተት ግን ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ያለልክ ማስራብም አያስፈልግም፦ የአውሮፓ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት መመሪያ ማደንዘዣው ሊሰጥ ንጹሕ ውሃ እስከ አንድ ሰዓት፣ የእናት ጡት እስከ ሦስት ሰዓት ሲቀር ይፈቀዳል። የእናንተ ሆስፒታል ሰዓቱ ሊለይ ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ። ልጁ አንዲት ጉርሻ ቀምሶ ከሆነም ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ለአንስቴቲስቱ ንገሩት።