ለጠባብ ጓሮ የሚስማሙና የማይስማሙ ተክሎች

ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በሚያልፈው በቀድሞው የባቡር መንገድ ላይ የምትገኘው ኤረር ሙቀቷ ብርቱ ስለ ኾነ፣ የቤት እመቤት በጓሮዋ ጥቂት ለምለም ነገር ብትመኝ አይፈረድባትም። ኾኖም አንድ ጊዜ ተተክሎ በየዓመቱ የሚያቈጠቍጥ ተክል ኹሉ በወሰኑ አይቆምም። ጤና አዳም ጨዋ ነው፤ ከተተከለበት አይርቅም። ጠጅ ሳርም ባለበት ይሰፋል እንጂ ዘሎ አይሄድም። ናና ግን ከመሬት በታች እየተሳበ የጎረቤቱን መደብ ይወርሳል። ስለዚህ ናናን ታቹ በተበሳ አሮጌ ባልዲ ተክሎ ባልዲውን ከነአፈሩ መቅበር ይገባል፤ አፉም ከመሬት ኹለት ጣት ከፍ ይበል፤ ያለዚያ በላይ የሚዘረጋው ሐረጉ ተሻግሮ ሥር ይሰዳል። ከእኩለ ቀን ፀሐይ ይጠለል፤ ሲጨናነቅም ተነቅሎ ይከፈል።

ከኹሉ የሚያስፈራው የወፍ ቆሎ ነው። ከአሜሪካ ሞቃት አገሮች የመጣው ይህ ቍጥቋጦ ለአበባው ውበትና ለአጥር ተብሎ ሲተከል ቆይቶ፣ በምሥራቅ ሐረርጌና በጅጅጋ ዙሪያ የግጦሽ መሬት ይዟል። ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን በሩቅ ይጥሉታል፤ ቅጠሉም ከብትንና በግን ይመርዛል። እንግዲህ እኛ ዓይናችን ደስ ይበለው ብለን የምንተክለው አጥር የአርብቶ አደሩን ጎረቤታችንን ላም ይጎዳል ማለት ነው።

በጓሮ የተገኘ እንደ ኾነ ግንዱን መቍረጥ ብቻ አይበቃም፤ ከጕቶው ያቈጠቍጣልና። ፍሬው ሳይጠቍር፣ ዝናብ መሬቱን ባራሰው ማግስት ከነሥሩ ይቆፈር። ከዚያም በኋላ ወፎች በሚያርፉባቸው ዛፎች ሥር አዲስ ቡቃያ እንዳይኖር በየክረምቱ መመልከት ያሻል።